ክንዱ፣ ሻዩ አልበረደም

ካሰል፣ ጀርመን
ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእቴቴ እናኑ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የቡሬ ሰው ሁሉ እንዴት ከርሟል? እኔ ልጅዎ ምሥራቅ፣ ከናፍቆትዎ በቀር፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነኝ። ይህን ሲያዩ «ይህቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» እንዳይሉኝ። የአባቴ የአድማሴ የአክስት ልጅ ነዎት። ፍኖተ ሰላም ስማር ክረምት በመጣ ቁጥር ቡሬ እርስዎ ቤት እየከረምሁ የበቆሎ እሸትዎን የምጨርሰው እኔ ነበርሁ። አሁን እዚህ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ። አድራሻዎ ስለጠፋኝ ደብዳቤውን የላክሁት መምህር ይታገሱ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ፖስታ ሣጥን ነው።

እቴቴ፣ ባለፈው እሑድ የገጠመኝን ልንገርዎ። ከሥራ ተመልሼ፣ እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ያገራችንን ቴሌቪዥን ከፍቼ ዜና እጠብቃለሁ። ማስታወቂያ መጣ። አንዲት እናት ደጅ ቆመው፣ ፔርሙስ ታቅፈው፣ «ክንዱ! ና እንጂ ልጄ፣ ሻዩ ሳይበርድ!» ብለው ይጣራሉ። ልጁ ኳሱን እየጠለዘ «መጣሁ!» ይላል። እንደገና ይጣራሉ፤ ልጁ የምረቃ ጋዋን ለብሶ «መጣሁ!» ይላል። አሁንም ይጣራሉ፤ ሙሽራ ሆኖ፣ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «መጣሁ!» ይላል። በመጨረሻ ጺሙ ሸብቶ፣ ከዘራ ተመርኩዞ ከች ሲል እናትየው እዚያው ደጅ፣ ያንኑ ቀሚስ ለብሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያረጁ ሻዩን ይቀዱለታል። እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። ሽማግሌው ፉት ሲል ምላሱን ይቃጠላል። እናትየውም «ምን ያጣድፍሃል? ሻዩ እንደሁ አልበረደም!» ይሉታል።

በሳቅ ብዛት ውሃውን ምንጣፉ ላይ ደፋሁት። ከዚያ ነው ድምፁን ያወቅሁት። ከቡሬ መናኸሪያ ቆመው «ቆሎ! ትኩስ ቆሎ!» ሲሉ ደምበጫ ድረስ ይሰማል ይባል የነበረው ድምፅ ነው።

እንዴት ሆነው ቴሌቪዥን ውስጥ ገቡ? ሁሉንም ይጻፉልኝ። ደግሞ የጠሩት ስም ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

እግርዎን ስሜ እሰናበታለሁ።
ልጅዎ ምሥራቅ አድማሴ


ቡሬ
የካቲት 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምሥራቅ፤

የሰማይና የምድር ጌታ በሄድሽበት ጥላ ከለላ ይሁንሽ። የሰው አገር እንጀራሽን ያጣፍጥልሽ። እኔ እናትሽ እናኑ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። ምነው አላውቅሽ! ደብዳቤሽን መምህር ይታገሱ ያነብልኝ ሲል «አይሆንም፣ እኔው አነበዋለሁ» ብዬ ነጠቅሁት። በመሠረተ ትምህርት የተማርኋት ፊደል ዛሬም አልከዳችኝም። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ግን አትሳቂብኝ።

የቴሌቪዥኑ ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው መስከረም ከአዲስ አበባ በሁለት መኪና መጡ። «ሙቄ» ለሚባል ፔርሙስ ማስታወቂያ ይሠራሉ። መናኸሪያው አጠገብ ምሳ ሲበሉ የእኔን የቆሎ ጥሪ ሰምተው አለቅየዋ፣ ሰብሊ የምትባል ሱሪ የለበሰች ልጅ፣ ሮጣ መጣች። «እማማ፣ ይህን ድምፅ ለአገር ያሰሙልን» አለችኝ። እኔ ቴሌቪዥን ምኔ ነው? የደርግ ጊዜ መጀመሪያ ቀበሌው አዳራሽ ሲገባ አስታውሳለሁ። እግራችንን ታጥበን፣ ነጠላችንን አጣፍተን ነበር የምንሄደው። ዜና አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ» ሲለን አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አመሸህ!» ይላል። ሟቹ ባለቤቴ አቶ ደረሰማ ሰውየው ዜናውን ሲጨርስ ራት የሚሰጠው ሰው ይኖር እንደሁ ሊቀመንበሩን ጠይቆታል። ኋላ ደግሞ የእጅጉ ሻይ ቤት የቴሌቪዥን ሳሕን ጣራው ላይ ሲሰቀል፣ በሦስተኛው ቀን ነፋስ አዙሮት ሰፈሩ ወር ሙሉ ዓረብኛ ሲያይ ከረመ። ማንም አልተከፋ፤ ፈረሱ ያምር ነበር ይላሉ።

ልጆቹ ግን ከሁሉ ማስታወቂያውን ይወዱ ነበር። የኔው ክንዱና የጎረቤቴ የዓባይነሽ ልጅ ዘሚካኤል፣ የሳሙናውንም የባትሪውንም ሸምድደው ደጄ ላይ ይጫወቱታል። ዘሚካኤል ዲያቆን ሆኖ እንኳ፣ ከቅዳሴ ሲወጣ የሳሙናዋን ሴትዮ ድምፅ አውጣ ሲሉት አይግደረደርም ነበር። ታውቂያቸዋለሽ። ሁለቱም በመተማ አድርገው ከወጡ ሰባት ዓመት አለፋቸው። ቃልም ወሬም የለም።

እንግዲህ ቀረጻው ላይ ጥሪ ተባልሁ። የጻፉልኝ ስም «አቤል» ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ክንዱ ነው። ሆን ብዬ ነው ልጄ፤ አንቺን አልዋሽሽም። ይህ ዕቃ የሰው አገር ድረስ ይታያል ሲሉ ሰምቻለሁ። የትም ቢሆን፣ ስሙን በኔ ድምፅ ቢሰማው ብዬ ነው። ሰብሊ «ይሄ ይሻላል፣ ከሆድ የወጣ ነው» ብላ ሳቀች፤ አጸደቀችው።

ዓባይነሽ አጠገቤ ቆማ ነበር። ቀሚሴን ሳብ አድርጋ «እናንዬ፣ የኔንም ጥሪልኝ» አለችኝ። በሚቀጥለው ቀረጻ «ዘሚካኤል!» ብዬ ተጣራሁ። ሰብሊ ግን «እማማ፣ ልጁ አንድ ነው እኮ» አለች። ሲተላለፍ የኔው ብቻ ተሰማ። ዓባይነሽ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ማስታወቂያው በመጣ ቁጥር ግን ጎንበስ ብላ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች።

አሁን አገሩ ሁሉ ያውቀኛል። የፍኖተ ሰላም ባጃጅ ጀርባው ላይ «ሻዩ አልበረደም» ብሎ ጽፏል። ሙግት የሰለቸው ዳኛ ሳይቀር «ቀስ በሉ፣ ሻዩ አልበረደም» አለ አሉ። መሪጌታ ቴዎፍሎስ ብቻ አልሳቁም። ቅኔ አስተማሪ አይደሉ? «እናኑ፣ ሕዝቡ በሰሙ ሳቀ፤ ወርቁን ግን እኔ ሰማሁት» ብለውኝ አለፉ። ለነገሩ ፔርሙሱን ሰጥተውኛል፤ ካንቺ አይለፍ እንጂ እስከ ቀትርም አያቆይ።

ምሥራቄ፣ ያንቺ አገር ሐበሻ ይበዛበታል ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ እስቲ ጠይቂልኝ። ስልኬን ከጀርባው ጽፌልሻለሁ። ደውዪልኝ፤ ድምፅሽን ልስማው።

እናትሽ እናኑ


ካሰል
ሚያዝያ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እቴቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ጾሙን በሰላም ፈቱ? ዶሮው ተገኘ? መልሴ በመዘግየቱ ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ የሌሊት ተራ ነበርሁ። ስልክ ያልደወልሁትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እኔ ስነሣ እርስዎ ይተኛሉ።

የቀበሌውን አዳራሽ ታሪክ ለምጦራቸው ሴትዮ በጀርመንኛ ተረጎምሁላቸው። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። እሳቸውም ወጣት ሳሉ መንደራቸው ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ነበርና፣ አያታቸው ዘፋኟ ተንጨባርረው እንዳታያቸው ፀጉራቸውን ሳያበጥሩ አይቀመጡም ነበር አሉኝ። አብረን ሳቅን። ማስታወቂያዎንም እዚህ ያለው ሐበሻ ሁሉ በስልኩ ይቀባበለዋል። በትንሣኤ ዕለት ቅዳሴ ሲረዝም አንዱ ከኋላዬ «ሻዩ አልበረደም» ብሎ ዲያቆኑን ሳይቀር አሳቀው።

ስለ ክንዱ የጠየቁኝን እጠይቃለሁ። አገሩ ሰፊ ነው፤ ሰዉም ስሙን ይለውጣል።

እቴቴ፣ እትዬ ዓባይነሽ ለጤናቸው እንዴት ናቸው? ቀድሞ ልባቸውን ያማቸው ነበር መሰለኝ። ሐኪም ያያቸዋል? አጠገባቸው የሚያድር ሰውስ አለ? ይህን በደንብ ይጻፉልኝ።

ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልዎ ሰው እጅ ጋቢ የሚሆን ሹራብና የጉልበት ቅባት ልኬያለሁ።

ልጅዎ ምሥራቅ


ቡሬ
ግንቦት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምሥራቅ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሹራቡ ደረሰኝ፤ እግዜር ያልብስሽ። ቅባቱም ደግ ነው።

ደብዳቤሽን አንድ ጊዜ አነበብሁት። ደገምሁት። ከዚያ አጥፌ ሙዳዬ ውስጥ ከተትሁት፤ ተመልሼ አወጣሁት። ልጄ፣ እኔ ስለ ክንዱ ጠየቅሁሽ። አንቺ ስለ ዓባይነሽ ልብ ጠየቅሽኝ። ዓባይነሽን ካየሻት ሃያ ዓመት አልፏል። ልቧን እንደሚያማት ለማን ብለሽ አስታወስሽ? አጠገቧ የሚያድር ሰው አለ ወይ ያልሽውስ? እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚጠየቀው መርዶ ሊነገር ሲታሰብ ነው። እኔ በስልሳ ሁለት ዓመቴ ስንት መርዶ አጅቤያለሁ፤ አመጣጡን አውቀዋለሁ።

ስልክ የማትደውዪውም ገባኝ። ወረቀት አያሳብቅም፤ ድምፅ ግን ያሳብቃል። ልጅ ሳለሽ እንኳ እሸቱን ሰርቀሽ በልተሽ «አልበላሁም» ስትዪ ድምፅሽ ይቀጥን ነበር።

አልቆጣሽም። ምናልባት ያስማለሽ አለ። እኔን ፈርተሽ ከሆነ አትፍሪ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ቀብሬው በየምሽቱ አስነሥቼዋለሁ። ከዚህ የባሰ ምን ይመጣብኛል? ያስማለሽ ደግሞ እሱ ራሱ ከሆነ፣ ይህን ንገሪው፤ እናትህ የምትፈልገው የተላከ ገንዘብ አይደለም፣ ወሬህን ነው በይው።

ዓባይነሽ ትላንት መጥታ ባቄላ ስንፈለፍል ዋልን። ልቧ ደህና ነው። ከሚታሰበው በላይ ጠንካራ ናት። አጠገቧ የሚያድር ሰው የለም፤ እኔ አለሁ።

ሰሙን ተይውና ወርቁን ስጪኝ።

እናኑ


ካሰል
ሰኔ 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለእቴቴ እናኑ፤

ቁጭ ብለው ያንብቡት። መሪጌታ ቴዎፍሎስም አጠገብዎ ቢኖሩ ይሻላል።

ክንዱ በሕይወት አለ። ደህና ነው። እዚሁ ካሰል፣ ከኔ ቤት በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ይርቃል። ዳቦ ቤት ይሠራል። ያገኘሁት በ2013 ጥምቀት፣ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ብቻውን ቆሞ ነው። ገና ሳየው የእርስዎ ግንባር ነው። ስሜን ስነግረው ሊሸሸኝ ነበር። ኋላ በቅዱስ ሚካኤል አስማለኝ፤ «አየሁት ብለሽ ለእናቴ ከጻፍሽ ከዚህ ከተማም እጠፋለሁ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምላሴን ነክሼ ኖርሁ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ምክንያቱ ዘሚካኤል ነው። ዘሚካኤል የለም እቴቴ። ከሱዳን ወደ ሊቢያ በረሃውን ሲያቋርጡ መኪናቸው ተበላሽቶ አራት ቀን ቆሙ። ከመውጣታቸው በፊት ይዞት የነበረው ንዳድ ተነሣበት። ክንዱ እንደነገረኝ፣ ዘሚካኤል እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ሰው ሲያጽናና ነበር። ሕፃናት ሲያለቅሱ፣ ጭነቱ ላይ ቆሞ የሳሙናዋን ሴትዮ ማስታወቂያ ይጫወታል። ኤርትራዊው፣ ሶማሌው፣ ሱዳናዊው፣ አማርኛ የማያውቀው ሁሉ በድምፁ መቅጠን ይስቅ ነበር። በአራተኛው ቀን ማለዳ አረፈ። ክንዱ በእጁና በብረት ሳሕን ቆፍሮ ቀበረው።

«እንሂድ ያልሁት እኔ ነኝ» ይላል። «ዘሚካኤል ቅዳሴውን ትቶ የመጣው በኔ ምክር ነው። እናቴን ካገኘሁ እትዬ ዓባይነሽ ትጠይቀኛለች። እናቴ ደግሞ መዋሸት አታውቅም። እኔ እስከጠፋሁ ድረስ ዘሚካኤልም እንደጠፋ ይቆያል፤ እናቱም ተስፋ ይኖራታል» ይለኛል። የዝምታው ሁሉ ምክንያት ይህ ነው።

ጥር ላይ ማስታወቂያውን ያየው ዳቦ ቤቱ ውስጥ ነው። ሐበሻ ባልደረባው «በስምህ ይጠሩሃል» ብሎ ስልኩን እየሳቀ አቀበለው። ክንዱ የዱቄቱ መጋዘን ገብቶ ተቀመጠ፤ አልወጣ ሲል እኔ ተጠራሁ። ደጋግሞ ሲከፍተው ደረስሁ። «አረጀች?» አለኝ። «ፀጉሯን ሸፍነውት አላይ አልሁ» አለኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሬ እለምነው ነበር። የግንቦቱን ደብዳቤዎን ሳነብለት «ባቄላ ስንፈለፍል ዋልን» የምትለው ላይ ስደርስ «በቃ» አለ። «ንገሪያት። ነገር ግን ለእትዬ ዓባይነሽ ሳይነገር እኔ አልደውልም።»

ይኸው ነገርሁዎት። ሸክሙን ከኔ ላይ አውርጄ እርስዎ ላይ ጫንሁት። እግዚአብሔር ያበርታዎ።

ምሥራቅ


ቡሬ
ሐምሌ 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምሥራቅ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ክረምቱ ጠንቶብናል። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰ። እንደነገርሽኝ ቁጭ ብዬ አነበብሁት። ስለ ክንዱ የምታወሪው ላይ ስደርስ ጮህሁ መሰለኝ፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ። ቀጥዬ አነበብሁና አፌን በነጠላዬ ያዝሁ። የዓባይነሽ አጥር ከኔ አጥር ጋር የተያያዘ ነው።

አምስት ቀን ያዝሁት። ምን አይነት አምስት ቀን! ደስታዬን ደብቄ፣ ኀዘኗን ደብቄ፣ አብሬያት ጎመን ቀነጠስሁ። «ምነው ዛሬስ ፊትሽ በራ» አለችኝ አንድ ቀን። ቅባቱ ነው አልኋት። ልጄ፣ ክንዱ እናቴ መዋሸት አታውቅም ያለው እውነቱን ነው፤ አላመነችኝም።

በስድስተኛው ቀን የነፍስ አባታችን ቄስ ወልደ ዮሐንስና መሪጌታ ቴዎፍሎስ፣ ሌሎችም ሽማግሎች ጎሕ ሲቀድ ሄዱ። መርዶ ነጋሪ ይቅደም አሉኝ። እኔ ግን ከፊት ገባሁ። ዓባይነሽ በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ ማንንም አልጠየቀችም። እኔን አየችኝና «የትኛው ነው?» አለች።

«ያንቺው» አልኋት።

ያለቀሰችውን አልጽፍልሽም። ረፋድ ላይ፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ ወደኔ ዞራ በዚያ በጠፋ ድምፅዋ «ክንዱስ?» አለችኝ። «አለ» አልኋት። «ታዲያ ምነው እልል አላልሽ?» አለችኝ። እኔ ነኝ ያን ጊዜ የወደቅሁት፤ እሷ ናት ያነሣችኝ።

በሰልስቱ ስለ በረሃው ነገርኋት። እንሂድ ያለው ክንዱ እንደሆነም አልደበቅሁም። ደብቄ ከሷ ጋር አንድ አጥር ልጋራ አልችልም። «የኔ ልጅ በሰው ምክር የሚሄድ አልነበረም» አለች። «ለድግስ እንኳ ሲጠሩት ካልፈለገ ድርቅ ይላል። እሱው ፈልጎ ነው።» ከዚያ፦ «ልጄን የቀበረልኝ ሰው ያ ነው። ድምፁን አሰሙኝ» አለች።

መርዶው መነገሩን መምህር ይታገሱ በስልክ አስታውቆሽ፣ ክንዱ የደወለው አንቺ እንደምታውቂው ከመርዶው በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ስልኩ ሲጮህ እጄ ላይ ነበር። ምሥራቄ፣ ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ድምፅ ነው። ጆሮዬ ላይ ላደርገው አንሥቼው ነበር። ዓባይነሽ በሩ ላይ ቆማ እጆቿን አጣምራ ታየኛለች። ሳልሰማው ሰጠኋት።

ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ደጅ፣ ከጣራው ጠብታ ሥር ጉቶው ላይ ተቀመጥሁ። ቃሉ አይሰማም፤ የሷ ድምፅ ብቻ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንዴ አለቀሰች። አንዴ ደግሞ፣ በሚካኤል ስም፣ ሳቀች። ኋላ እንደነገረችኝ ሦስት ነገር ነው የጠየቀችው። ምን ለብሶ ነበር አለችው፤ ነጠላህን ይዘህ ሂድ ብላ የሰጠችውን ለብሶ፣ በሱው ተገንዟል። ውሃ ጠምቶት ነበር አለችው፤ የመጨረሻዋን ቆርኪ ውሃ ክንዱ ከንፈሩን አርሶበታል። ፊቱን ወዴት አዞርኸው አለችው፤ ፀሐይ ወደምትወጣበት። «እንግዲያ እንደ ክርስቲያን ነው የተቀበረው» አለች። ለሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስትወጣ ቀትር ሆኗል። ስልኩ በእጇ ሞቋል። «በይ፣ ያንቺው ነው» ብላ ሰጠችኝና ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

እንግዲህ ያ ሁሉ ያጠራቀምሁት ወሬ፣ ያ ምርቃት፣ ያ ቁጣ፣ ስንት ቀን ስደረድረው የነበረው፣ ከአፌ አልወጣ አለ። ደምበጫ ድረስ ይሰማል የተባለው ድምፄ ጠፋ። እሱም አልተናገረም። እኔ ስተነፍስ እሱ ይሰማል፤ እሱ ሲተነፍስ እኔ እሰማለሁ። እንዲሁ ቆየን። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

አልከፋኝም፤ ነገ ከነገ ወዲያ ይደውላል። ግን ምሥራቄ፣ አፍንጫው ተዘግቷል። ሲተነፍስ በግልጽ ይሰማል፣ ጉንፋን ይዞታል። ያ ዱቄት ነው፣ ወይም ሌሊት ሳይለብስ ይወጣል። ሂጂና እዪልኝ። ዳማከሴ እዚያ አገር ይገኛል? ካልተገኘ ጻፊልኝ፤ ጓሮዬ ሞልቷል፣ አድርቄ በሰው እልካለሁ።

እናኑ